አራት ፈረቃ

አባቴ ሸራ ሰፋ፣ ከፉርኖ ዱቄት ከረጢት፣
በጆንያ መርፌ፣ ዘብ በማይወጣበት ሌሊት።
ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ
"ድንኳን ነው? ማን ሞተ?" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
"ማንም አልሞተም" አለው፣ ክሩን በጥርሱ በጥሶ፤
"መርከብ ነው።" ወደ መርፌው ዓይኑን መልሶ።

ምጽዋ ላይ መርከበኛ፣ ሐዋሳ ላይ ዘበኛ፣
በጨርቃ ጨርቁ በር ላይ ዐሥር ዓመት የማይተኛ።
ባሕሩ ቀረ እንጂ ፈረቃው መቼ ቀረ፤
እሑድ እሑድ ወለሉን እንደ መርከብ ያጥብ ነበረ።

እናቴ ግን አየለች፣ ዓሣ አስጋሪ ያሳደጋት፣
"ጉማሬ የሚወጣው ማታ ነው" አለች፤ ማንም አልሰማት።
"ደግሞስ ዮናስ የሚባል ልጅ በጀልባ ይጫናል ወይ?
ስሙን ያወጣኸው አንተ፤ መጽሐፉን አላነበብህም ወይ?"
ወንድሜ ዮናስ፣ በስድስት ዓመቱ፣ ሳቀ፤
የዓሣው ሆድ ስንት ክፍል አለው ብሎ ጠየቀ።

የአጎቴን ጀልባ ተውሰን ከአሞራ ገደል ተነሣን፣
አባ ኮዳዎች የዓሣ አንጀት እየተሻሙ ሸኙን።
ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንድ ፋኖስ፣ ቆሎ በላስቲክ፣
ከበላያችን ያ ሸራ፣ የፋብሪካው ማኅተም ሳይለቅ፦
"ሃምሳ ኪሎ። አንደኛ ደረጃ።"
ነፋስ ሲገባበት እውነትም ሃምሳ ኪሎ መሰለ።

አባቴ ፈረቃ አወጣ፣ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ፦
እኔ እስከ አራት ሰዓት፣ እናቴ እስከ ሰባት፣
እርሱ እስከ ዐሥራ አንድ።
"ዮናስ፣ አንተ ካፒቴን ነህ። ካፒቴን እስኪጠራ ይተኛል።"
ዳር ዳሩን፣ የብሱን በግራ ይዘን እንሄዳለን አለ፤
የታቦርን ግርጌ አምፖሎች "ወደብ" ብሎ ሰየመ፣
የሆቴሎቹን መብራት "መልሕቅ የጣሉ መርከቦች"።
ዐላሙራ ጨለማ ነበር። ስም ሳይሰጠው አለፈ።

በስድስት ሰዓት ነፋሱ ሞተ።

ሸራው ወደ ከረጢትነቱ ተመለሰ።
አባቴ ጣቱን አርጥቦ ወደ ሰማይ ቀሰረ፤
ቆየ፤
ጣቱን እንደገና ውኃ ውስጥ ነከረና
እኛ የምንተኛ መስሎት
ወደ አፉ ወሰደው።
በፋኖሱ አየሁት። ጨው ሲፈልግ።

"ምን ይላል?" አለች እናቴ።
"ምንም አይልም።"

ያኔ ፋኖሱን አጠፋችው።
እስከዚያ ሌሊት ድረስ ጨለማ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር፦
ከሩቅ፣ ከሸንበቆ ውስጥ፣ አንድ ከባድ ነገር ተነፈሰ፤
ውኃ ከጆሮው ሲያራግፍ ተሰማ።
"ያ ጉማሬ ነው" አለች፣ የሰፈር ሰው እንደምታሳይ፤
"እዚያ ካለ ምዕራቡ ዳር ቅርብ ነው።
አባቴ እዚህ መረቡን ጥሎ ይተኛ ነበር።
ዘጠኝ ሰዓት ሲል ብርድ ከኮረብታው ይወርዳል።
ጠብቁ። አትቅዘፉ። ቆሎውን አምጣው።"

ዘጠኝ ሲል ወረደ፣ እንዳለችው፣ ቀዝቃዛ፣
አፈር አፈር የሚሸት፣ የበቆሎ አገዳ መዓዛ።
ከረጢቱ ተነፋ፤ ሃምሳ ኪሎው ሞላ፤
አባቴ መሪውን ሰጣት፣ ቃል ሳይናገር ሌላ።
ከጀልባው ወለል ላይ ጋደም ብሎ
ዐሥር ዓመት ያልተኛው ዘበኛ
ፈረቃው ሳያልቅ ተኛ።

ዙሩን አልጨረስንም። ነፋሱ ሐይቁን በመሐል ሰንጥቆ
ወደ ተነሣንበት መለሰን።
ዮናስን ቀሰቀስነው፤ ሰዓቱ የእርሱ ነበር፤
ብርድ ልብሱን እንደ ካባ ደርቦ ጫፉ ላይ ቆመ።
አሞራ ገደል ቢላዋ የሚስል ሰውዬ
በከረጢት የመጣነውን አይቶ ቢላዋውን አቆመ፦
"ከየት ነው?"

"ከባሕር" አለ ካፒቴኑ።

የሁሉን ስሕተት የምታርም እናቴ
ገመዱን እየጠቀለለች ነበር።
ሰማችው። አላረመችውም።

ሸራው ኋላ በርበሬ ማስጫ ሆነ።
አሁንም አለን። ቀልቷል።
ማኅተሙ አይነበብም፤
የገመዶቹ ቀዳዳ ግን፣ በየማዕዘኑ፣
በመርከበኛ ስፌት ዙሪያውን እንደተከፈፈ ነው።